ከአፉ በፊት ልቡን ያዘጋጀው አባት፡ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ



ጸሐፊው ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም በወጣ ጊዜ ልቡን ለሦስት ነገር አዘጋጅቶ እንደ ነበር መጽሐፍ ቅዱስ ይነግረናል፤ የእግዚአብሔርን ሕግ ለመፈለግ፣ የፈለገውን ለመፈጸም፣ የፈጸመውንም ለእስራኤል ለማስተማር። ሦስቱ የተቀመጡበት ተራ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ማስተማር የመጣው በመጨረሻ ነው። ከሐዲስ ኪዳን ሊቃውንት መካከል ይህን ተራ ጠብቆ የኖረ አባት ጥሩ ብንባል ብዙዎችን መጥራት እንችላለን። ዛሬ የምናነሣው ግን ስሙን ከአፉ ያገኘውን፣ ያን አፉን ከመክፈቱ በፊት ደግሞ ብዙ ዓመት በዝምታ የቆየውን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ347 ዓ.ም. ገደማ በሶርያ አንጾኪያ ተወለደ፤ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። አንጾኪያ ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት ከተማ ናት። በእርሱ ዘመን ግን ክርስቲያኑ፣ አይሁዳዊውና ጣዖት አምላኪው በአንድ ገበያ የሚጋፉባት፣ የቴአትር ቤቱና የፈረስ ውድድሩ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ሰው የሚሻሙባት ታላቅ ከተማ ነበረች። አባቱ ሴኩንዱስ በምሥራቁ የሮም ጦር ጽሕፈት ቤት የሚያገለግል ሹም ሲሆን ዮሐንስ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመቷ መበለት ሆነች። ወጣትም ባለ ሀብትም ስለ ነበረች የሚያገባት አልጠፋም፤ እርሷ ግን ሁለተኛ ባል ሳታገባ ልጇን በማሳደግ ጸናች። የታወቀው አረማዊ የንግግር መምህር ሊባንዮስ ይህች ሴት 40 ዓመት እንደ ሞላት፣ ከዚያም 20ውን በመበለትነት እንዳሳለፈች በሰማ ጊዜ በክርስቲያኖች ዘንድ እንዴት ያሉ ሴቶች እንዳሉ እየተደነቀ መናገሩን ቅዱስ ዮሐንስ ራሱ ጽፎልናል።

ወጣቱ ዮሐንስ የንግግርን ጥበብ የተማረው ከዚሁ ከሊባንዮስ ነው። መምህሩ በሞት አልጋው ላይ ሳለ ወንበሩን ማን እንደሚወርስ ቢጠይቁት፣ ክርስቲያኖች ባይወስዱት ኖሮ ዮሐንስ ይሆን እንደ ነበር መመለሱን የታሪክ ጸሓፍት ያወሳሉ። በሕግ ጠበቃነት ሀብትም ክብርም ማግኘት ይችል ነበር። ነገር ግን ያ ዓለም ብዙ አላቆየውም። በዘመኑ ልማድ ጥምቀቱን እስከ ጎልማሳነት ያቆየው ዮሐንስ ከአንጾኪያው ጳጳስ ከቅዱስ ሜሌጥዮስ ዘንድ ለሦስት ዓመት ያህል ተምሮ ተጠመቀ፤ በኋላም አናጉንስጢስ ሆኖ ተሾመ። መጽሐፍ ለሕዝብ የሚያነብ እንጂ የሚተረጕም አልነበረም ማለት ነው። ከተማው ሁሉ ንግግሩን ሊሰማ የሚጓጓለት ሰው የሌላውን ቃል ብቻ እያነበበ መቀመጡን እንደ ቀላል ነገር ልናልፈው አይገባም።

ልቡ ወደ ምናኔ ባዘነበለ ጊዜ መጀመሪያ የገጠመው ፈተና ከቤቱ ነው። አንቱሳ አሳቡን በሰማች ጊዜ እጁን ይዛ እርሱን ወደ ወለደችበት ክፍል አስገባችው፤ ከአልጋው አጠገብ አስቀምጣውም አለቀሰች። ስለ እርሱ ብላ የተሸከመችውን የመበለትነት መከራ ዘረዘረችለት፤ ሁለተኛ መበለት እንዳያደርጋት፣ ቢያንስ ከአባቱ አጠገብ እስኪቀብራት ድረስ እንዲታገሣት ለመነችው። እርሱም እናቱን ጥሎ አልሄደም። ከቤቱ ሳይወጣ ሥጋውን በጾም፣ አንደበቱን በዝምታ ገታ። ለመነኮሰ ሰው የሚነገረውን የመታዘዝ ትምህርት በመጀመሪያ የፈጸመው በእናቱ ቤት መሆኑን እናስተውል።

በዚህ ጊዜ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ገድል ጸሓፍት አንዳንዴ በአጭሩ ያልፉታል፣ እኛ ግን ልናልፈው አንወድም። ዮሐንስንና ባስልዮስ የተባለ ወዳጁን ለክህነት ሊሾሟቸው እንደ ታሰበ ወሬ ተሰማ። ሁለቱ ወዳጆች የሚያደርጉትን ሁሉ በአንድነት ለማድረግ ተስማምተው ነበር። ዮሐንስ ግን ራሱን ደበቀ፤ ባስልዮስ ወዳጁ የተሾመ መስሎት ሹመቱን ተቀበለ። እውነቱን ሲያውቅ እያለቀሰ ወደ ዮሐንስ መጣ። ስለ ክህነት የተጻፈው ታላቅ መጽሐፉ ከዚህ ሁኔታ ተነሥቶ የተዘጋጀ ነው፤ በሁለቱ ወዳጆች ንግግር መልክ የቀረበ ሆኖ ስድስት ክፍል አለው። ዮሐንስ በመጽሐፉ ያደረገውን አይሸሽግም። ወዳጁን ማታለሉን ይናገራል፤ ምክንያቱንም ያቀርባል። የምክንያቱ ፍሬ ነገር ክህነትን መናቁ ሳይሆን መፍራቱ ነው፤ የብዙዎችን ነፍስ ሊጠብቅ የሚቆም ሰው አስቀድሞ የራሱን ነፍስ ማወቅ እንዳለበት፣ ያልተዘጋጀ እረኛ ለራሱም ለመንጋውም ጥፋት እንደሚሆን ያስረዳል። የወዳጁን እንባ ያህል ዋጋ የሚያወጣ ምክንያት ነውን? አንባቢ ይፍረድ። ቅዱሳን አባቶቻችን የሠሩትን ሁሉ እንከን የለሽ አድርገን ማቅረብ እነርሱን ማክበር አይመስለንም። ነገር ግን ዛሬ መድረክ ለማግኘት የሚሮጠውን ስናይ፣ ከመድረክ የሸሸውን ሰው ፍርሃት ማሰብ ይጠቅመናል።

ከዚህ በኋላ ከአንጾኪያ አጠገብ ወዳለው ተራራ ወጣ። አራት ዓመት በአንድ ሶርያዊ አረጋዊ መነኩሴ እጅ ሥር ሆኖ የገዛ ፈቃዱን መተው ተማረ። ቀጥሎም ብቻውን ወደ ዋሻ ገብቶ ሁለት ዓመት በዓት ዘጋ። ታሪኩን የጻፈለት ጰላድዮስ እንደሚተርከው በእነዚህ 24 ወራት በቀንም በሌሊትም ጎኑን መሬት ላይ አላሳረፈም፤ እንቅልፉን እየቀነሰ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ አጠና። በአገራችን ጉባኤ ቤት ያለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም፤ ቃሉ ከብራና ወደ ልብ የሚገባበትን የሌሊት ጥናት፣ ብርዱንና ረኀቡን የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል። ቅዱስ ዮሐንስ በኋላ በመድረክ ቆሞ ከኦሪት ወደ ነቢያት፣ ከነቢያት ወደ ሐዋርያት ያለ ችግር የሚመላለሰው፣ አንዱን ቃል በሌላው የሚፈታው ያ ዋሻ ውስጡ ስላለ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ብርዱና ጾሙ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ጎዳው፤ ታሞ ወደ ከተማ ለመመለስ ተገደደ። ሕመሙም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። ትሩፋት ያለ መጠን ሲሆን ምን እንደሚያስከትል የሚያስተምረን አንድ ነገር እዚህ አለ፤ የእግዚአብሔር ጥበብ ደግሞ በዚያ ሕመም ምክንያት መናኙን ከዋሻ አውጥቶ ለሕዝቡ ሰጠው።

በ381 ዓ.ም. ቅዱስ ሜሌጥዮስ ዲቁና ሾመው። ያኔም መስበክ አልጀመረም፤ ስብከት በዚያ ዘመን ሥርዓት የጳጳሱና የካህናቱ ድርሻ ነበርና። ዲያቆኑ መሠዊያውን ያገለግል፣ ድኆችን፣ ሕሙማንንና መበለታትን ይጎበኝ ነበር። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ የምትመግባቸው መበለታትና ደናግል 3000 ያህል እንደ ነበሩ ከራሱ ስብከት እናውቃለን፤ እስረኞች፣ ሕሙማንና መጻተኞች በዚህ ቍጥር አልገቡም። አምስት ዓመት በዚህ አገልግሎት ኖረ። በኋላ ስለ ድኃው ሲናገር ቃሉ የሚያቃጥለው፣ የእያንዳንዱን ቤት ጣሪያና የእያንዳንዱን ረኃብተኛ ፊት የሚያውቅ ሰው ቃል በመሆኑ ነው። በዋሻ ያጠናውን በዲቁናው ፈጸመው ብንል አንሳሳትም።

በ386 ዓ.ም. ጳጳሱ ፍላብያኖስ ቅስና ሾሞ የማስተማሩን ሥራ ሰጠው። ዕድሜው ወደ 40 ተጠግቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ትልቅ ፈተና መጣ። በ387 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ የጣለውን ከባድ ግብር የሰማ ሕዝብ ተቆጥቶ የንጉሡንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ጣለ፤ በየመንገዱም ጎተተ። ቁጣው ሲበርድ ፍርሃት ተተካ፤ ከተማዋ ልትጠፋ እንደምትችል ሁሉም ተረዳ። ሹማምንቱ ማሰርና መግደል ጀመሩ። ሽማግሌው ጳጳስ ፍላብያኖስ እርጅናውን፣ ክረምቱንና በሞት አፋፍ ላይ የነበረችውን እኅቱን ትቶ ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ገሠገሠ። ከሕዝቡ ጋር የቀረው አዲሱ ቄስ ዮሐንስ ነው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ቴአትር ቤቱ ተዘግቷል፣ ገበያው ባዶ ሆኗል፤ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጎረፈ። ዮሐንስም ንጉሡን አላማም፣ ሕዝቡንም በባዶ ተስፋ አልሸነገለም። ቃሉን ይዞ ሞትን ከሚፈሩት ይልቅ ኃጢአትን እንዲፈሩ፣ በተለይም በአፋቸው ላይ የለመደውን መሐላ እንዲተዉ በየቀኑ አስተማራቸው። ከዚያ ወራት 21 ስብከቶች ወደ እኛ ደርሰዋል። ለትንሣኤ ፍላብያኖስ የምሕረት ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ፤ ብዙ አረማውያንም በዚያ ምክንያት አመኑ።

በአንጾኪያ 12 ዓመት ያህል አስተማረ። ኦሪት ዘፍጥረትን በ67፣ የማቴዎስን ወንጌል በ90፣ የዮሐንስን ወንጌል በ88፣ ወደ ሮሜ ሰዎች የተላከውን መልእክት በ32 ድርሳናት ተረጐመ። ሰዉ እጅግ ከመጨናነቁ የተነሣ ኪስ አውላቂዎች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሰርቁ ስለ ነበር ምእመናኑ ገንዘብ ይዘው እንዳይመጡ ማስጠንቀቅ ነበረበት። ባማረ ንግግሩ መካከል ሕዝቡ ያጨበጭብለታል፤ ጭብጨባውን የሚነቅፍ ትምህርት ሲያስተምር ደግሞ ያንኑ ትምህርት አጨበጨቡለት ይባላል። ይህ ሊያስቀን ይችላል፤ እርሱን ግን ያሳዝነው ነበር። ጭብጨባው ከበር ሲወጣ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ የሚፈልገው በቤት ውስጥ የሚታይ ፍሬ ነው።

ስለዚህም ከምእመናኑ የጠየቀው ነገር ከራሱ ሕይወት የተወሰደ ነው። በእሑድ የሚነበበውን የወንጌል ክፍል ከቀኑ በፊት በቤታቸው ቁጭ ብለው እንዲያነቡት፣ የተረዳቸውንና የከበዳቸውን ለይተው እንዲመጡ ይለምናቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም ወደ ሌላ ጉዳይ ሳይሮጡ ከሚስታቸውና ከልጆቻቸው ጋር የሰሙትን እንዲከልሱት ይነግራቸዋል። ምክንያት አላጡለትም። አንዱ መነኩሴ አይደለሁም፣ ሚስትና ልጅ አለኝ ይለዋል። እርሱም በዓለም መካከል የሚቆስለው ከተራራው መናኝ ይልቅ መድኃኒት ያስፈልገዋል ብሎ ይመልሳል። ሌላው ድኃ ነኝ፣ መጽሐፍ መግዣ የለኝም ይላል፤ እርሱም አንጥረኛውና አናጢው ምንም ቢርባቸው የሥራ መሣሪያቸውን እንደማይሸጡ ያሳስበዋል። በብዙ ቤት የመጫወቻ ጠጠር እንጂ መጽሐፍ አይገኝም ብሎም ያዝናል። መጽሐፍ በእጅ በሚገለበጥበትና በውድ በሚሸጥበት ዘመን ይህን የጠየቀ አባት፣ ሰማንያ አሐዱውን በስልካችን ይዘን ሳንከፍተው የምንውለውን እኛን ምን ይለን ይሆን?

ቅዱስ ጳውሎስን ይወድ የነበረው ፍቅር የተለየ ነው። ሌሊት የሐዋርያውን መልእክታት ሲተረጕም ደቀ መዝሙሩ አብሮቅሎስ በበሩ ቀዳዳ ቢመለከት አንድ ሰው ከኋላው ቆሞ በጆሮው ሲናገር አየ፤ በኋላም በክፍሉ ከተሰቀለው ሥዕል ሰውየው ቅዱስ ጳውሎስ መሆኑን ለየ ይላል ትውፊታችን። ሥዕል ሠዓልያንም ይህን ደጋግመው ሥለውታል።

በ397 ዓ.ም. የቁስጥንጥንያ መንበር ባዶ ሆነ። የቤተ መንግሥቱ ባለሥልጣን ኤውትሮጵዮስ የአንጾኪያ ሕዝብ እንዳይነሣበት በመፍራት ቅዱሱን በዘዴ ከከተማው በር ውጭ አስጠርቶ በሠረገላ አስወሰደው፤ በ398 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ያን ጊዜ ከመሾም የሸሸው ሰው በዚህ ጊዜ መሸሻ አላገኘም። በመንበሩ ተቀምጦ የጀመረው ከራሱ ቤት ነው። የመንበረ ጵጵስናውን የቅንጦት ዕቃ ሸጠ፤ የግብዣውን ወጪ አስቀርቶ ለሕሙማን ማረፊያ አዋለው። በታመመ ሆዱ ምክንያት ብቻውን ጥቂት ይመገብ ነበር፤ ይህም ግብዣ ለለመዱ ካህናትና መኳንንት ጠብ ሆነባቸው። ለጎታውያን ቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ በቋንቋቸው እንዲማሩ አደረገ። ኤውትሮጵዮስም በ399 ዓ.ም. ከሥልጣኑ ወድቆ ሊገድሉት በፈለጉት ጊዜ፣ አስቀድሞ ራሱ በሕግ የከለከለውን የቤተ ክርስቲያን ጥገኝነት ፍለጋ መንበሩን ይዞ ተንቀጠቀጠ። ቅዱሱም በአንድ በኩል የሥልጣንን ከንቱነት በፊቱ ሰበከ፤ በሌላ በኩል ለወታደሮቹ አሳልፎ አልሰጠውም።

ንግሥቲቱ አውዶክስያ በመጀመሪያ ታከብረው ነበር። ስለ ግፍና ስለ ቅንጦት የሚያስተምረው ትምህርት ወደ ቤተ መንግሥት ሲደርስ ግን ፍቅሯ ወደ ጥላቻ ተለወጠ፤ የአንዲት መበለት የአትክልት ቦታ በመውሰዷ እንደ ገሠጻትም የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል። በ403 ዓ.ም. በኬልቄዶን አጠገብ በተደረገው ጉባኤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ በመሪነት ተቀምጦ ቅዱሱን ከመንበሩ አወረዱት። ይህ ለእኛ ለእስክንድርያ መንበር ልጆች የሚከብድ ታሪክ ነው፤ ቴዎፍሎስም በአባቶች መዝገብ ይጠራልና። ልንሸሽገው ግን አንችልም፤ በሁለት አባቶች መካከል የሆነውን የመፍረድ ሥልጣንም የለንም። ከዓመታት በኋላ በቅዱስ ቄርሎስ ዘመን የዮሐንስ ስም በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መዝገብ መግባቱን ስናይ እንጽናናለን።

ከመጀመሪያው ስደት በጥቂት ቀን ተመለሰ፤ ቤተ መንግሥቱ በደረሰበት ድንገተኛ መዓት ፈርቶ ነበርና። የንግሥቲቱ የብር ሐውልት በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆሞ በዘፈንና በጭፈራ ሲመረቅ ግን ዝም አላለም። በ404 ዓ.ም. በትንሣኤ ዋዜማ ወታደሮች ወደ ጥምቀት ቤቱ ገብተው ንዑሰ ክርስቲያኑን ደበደቡ፤ የጥምቀቱ ውኃ ከደም ጋር ተቀላቀለ። በሰኔ ወር ቅዱሱ ሕዝቡ እንዳይታወክ በሌላ በር በስውር ወጥቶ ራሱን ለወታደሮቹ ሰጠ። በአርመን ዳርቻ ወደምትገኘው ኩኩሶስ ተጋዘ።

መምህር ጉባኤውን ሲነጠቅ ምን ይቀረዋል? በኩኩሶስ ብርድና የወንበዴ ወረራ መካከል ቅዱስ ዮሐንስ ደብዳቤ መጻፍ ያዘ። ከ230 በላይ ደብዳቤዎቹ ደርሰውናል፤ 17ቱ በቁስጥንጥንያ ዲያቆናዊት ለነበረችው ለቅድስት ኦሊምፕያዳ የተላኩ ናቸው። በእርሱ መሰደድ በሐዘን ለተሰበረችው ሴት ከራሱ ኃጢአት በቀር ማንም ሰው ሊጎዳው እንደማይችል አስረዳት። በአንጾኪያ ለጠገቡት ያስተማረውን በስደት ሳለ በገዛ ሥጋው ላይ ፈተነው። ጠላቶቹ ይህም አልበቃቸውም፤ አንጾኪያውያን ወደ እርሱ መጉረፋቸውን አይተው በ407 ዓ.ም. በጥቁር ባሕር ዳር ወደምትገኘው ፒጢዩስ እንዲዛወር አደረጉ። ሦስት ወር ያህል በፀሐይና በዝናብ በእግሩ ነዱት። ኮማና በደረሱ ጊዜ በሰማዕቱ ባሲሊስኮስ ቤተ ክርስቲያን አደረ፤ ሰማዕቱም በራእይ ተገልጦ በማግሥቱ አብረው እንደሚሆኑ ነገረው። በማግሥቱ ወታደሮቹ አስገድደው ጉዞ ቢያስቀጥሉትም ሕመሙ ጸንቶበት ወደዚያው መለሱት። ነጭ ልብስ ለበሰ፤ የነበረውን ለቆሙት አከፋፈለ፤ ሥጋውን ደሙን ተቀበለ። ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔርን አመስግኖ አማተበና ሴፕቴምበር 14 ቀን ዐረፈ።

ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ438 ዓ.ም.፣ ያ በበሩ ቀዳዳ ያየው አብሮቅሎስ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ሳለ ዐፅሙ በክብር ወደ ከተማዋ ተመለሰ። ባሕሩ በጀልባዎች መብራት ተሞላ። የአውዶክስያ ልጅ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ፊቱን በሣጥኑ ላይ ደፍቶ ስለ ወላጆቹ በደል ይቅርታ ለመነ። ቤተ ክርስቲያናችን የዐፅሙን ፍልሰት ግንቦት 12 ቀን ታስባለች። በስሙ የሚጠራው ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው፤ ስለ ዕብራውያን መልእክት የደረሰው ድርሳንም ወደ ግእዝ ተተርጕሞ በመጻሕፍተ ሊቃውንት ጉባኤ ከቅዱስ ቄርሎስ መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን ይተረጐማል፤ የሁለቱ መንበራት አባቶች በእኛ የየኔታ ወንበር ሥር ይገናኛሉ።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።